ማንም የማይከራከርበት ዘጠና

ጥር 2015 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲያሳውቅ ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበረም። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከአንድ ሺህ በለጠ። የአንድ ዓመት አጋጣሚ ነው ያሉ ነበሩ፤ የ2015ቱ ፈተና ውጤት ግን 3.2 በመቶ ሆነ። የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል መሻሻል ነው፤ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ምናምኑ በሚወድቅበት ፈተና ግን እልል አይባልም።

የዚያን ሰሞን ጣት ያልተቀሰረበት ወገን አልነበረም። ወላጅ መምህሩን ወቀሰ፣ መምህሩ ወላጁን፣ ሁለቱም መንግሥትን፣ መንግሥት ደግሞ ኩረጃን። ቴሌግራምና ቲክቶክ ሳይቀሩ ተከሰሱ። ይህ ሁሉ ሲባል አንድ ተራ ጥያቄ ተዘለለ። ፈተናው ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ 9ኛን፣ 10ኛን፣ 11ኛን አልፎ ነው የመጣው። በየሴሚስተሩ፣ በየትምህርቱ ማርክ ተሞልቶለታል፤ የአራቱ ዓመት ማርኮች ሲቆጠሩ ከ60 አያንሱም። እያንዳንዱን ቁጥር የሞላ መምህር አለ፤ እያንዳንዱ ካርድ ላይ የፈረመ ወላጅ አለ። እነዚያ ቁጥሮች ታዲያ ምን ይሉ ነበር? ብዙዎቹ ሰባ፣ ሰማንያ፣ አንዳንዴም ዘጠና ይሉ እንደነበር መምህራኑ ራሳቸው አይደብቁም።

ወላጅና መምህር በማርክ ሲጋጩ የሰማን እንደሆነ የትምህርታችን ውድቀት ምልክት ነው እንላለን። እኔ የሚታየኝ የተገላቢጦሹ ነው። ጭቅጭቅ ያለበት ትምህርት ቤት፣ ቁጥሩ አንድ ነገር ይናገራል ብለው የሚያምኑ ሰዎች የቀሩበት ትምህርት ቤት ነው። ወላጁ «ለምን አነሰ?» ሲል፣ መምህሩ «ይህን ስላላወቀ» ብሎ ለመመለስ ዕድል አለው። የሚያስፈራው ጭቅጭቁ ያለቀበት ነው። እዚያ ተማሪው ዘጠና ያመጣል፣ ወላጁ ደስ ይለዋል፣ መምህሩ ያርፋል፣ ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ይልካል። ውድቀቱ የጀመረው ጠቡ ሲበርድ ነው፤ ጠቡን ያበረደው ምን እንደሆነ ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ ሚኒስትር ላይ የሚላከክ ነገር አይደለም።

ጠቡን በቅርብ እንየው። የሴሚስተሩ ካርድ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ቀናት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ የሚሰማው ንግግር በየከተማው ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል አስቀመጥኳቸው እንጂ።

«መምህር፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት። እስቲ ይቺን ፊዚክስ ይመልከቱልኝ። 54 ነው የሚለው። አምና 86 ነበራት እኮ።»

«ሠርታ ያገኘችው ነው እናቴ። ሚድ ከ20 ሰባት፣ ፋይናል ከ50 ሃያ አንድ። የቀረው የግሩፕ ሥራ፣ የአሳይመንትና የደብተር ነው፤ እሱ ላይ ከ30 ሃያ ስድስት ሰጥቻታለሁ።»

«አምና ታዲያ እንዴት 86 አመጣች?»

«አምና እኔ አላስተማርኳትም።»

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። እናትየዋ ወደ ዩኒት ሊደሩ ትሄዳለች፣ ካልሆነም ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ። ምክትሉ መምህሩን ይጠራዋል። ትእዛዝ አይሰጠውም፤ «እስቲ እያት፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ይለዋል። መምህሩ ስድስት ይጨምርና 60 ያደርጋታል። ባይጨምር ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ከወላጅም ከአስተዳደርም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያው መምህር ከመነሻው 75 ይሞላል፣ የሚጠይቀውም የለም።

አሁን ቁጥሩን እንበትነው። ልጅቷ በጽሑፍ ከተፈተነችው 70 ነጥብ ያገኘችው 28 ነው፤ ከመቶ 40 ማለት ነው። ይህ 40 ነው ከእሷ ጋር ብሔራዊ ፈተናው ክፍል የሚገባው፤ 54ቱ አይገባም፣ የአምናው 86ማ ከነጭራሹ ትምህርት ቤት ይቀራል። ልብ በሉ፣ እናትየዋ የከሰሰችው መምህር እንኳን 14 ነጥብ ጨምሮላታል። ሁለቱም የተጋጩት በተነፋ ቁጥር ላይ ሆነው ነው። አንዷ የተነፋው አነሰ ትላለች፣ ሌላው በቂ ነው ይላል። 40ው ግን በማንም አፍ አልተጠራም።

ያ ከ30 ሃያ ስድስት የሚሞላው የማርክ ክፍል ከየት መጣ ከተባለ፣ መነሻው ክፉ ሐሳብ አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ብቻ ዕጣው እንዳይወሰን፣ ዓመቱን ሙሉ በተከታታይ ምዘና እንዲታይ ፈለገ። በመርሕ ደረጃ የሚነቀፍ አይደለም፤ የተማሪውን ድክመት በጊዜ አውቆ ለማገዝ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። አንድ የሒሳብ መምህር በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ለአምስት ክፍል ካስተማረ 25 ክፍለ ጊዜ ሞላ። በየክፍሉ 60 ተማሪ ቢቀመጥ 300 ተማሪ አለው። ለእያንዳንዱ በሴሚስተር ስድስት ምዘና ቢሰጥ 1,800 ወረቀት ያርማል። አንዱን ወረቀት በአምስት ደቂቃ ቢጨርስ 150 ሰዓት ነው፤ ያውም ከማስተማሩ፣ ከዝግጅቱና ኑሮን ለመደጎም ከሚሠራው የማታ ቱቶር ውጭ። ስለዚህ ግሩፕ ሥራ ተገኘ። አስር ልጆች አንድ ወረቀት ያስገባሉ፣ አንዱ ይሠራዋል፣ ዘጠኙ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ አስሩም ከ15 አስራ አራት ይወስዳሉ። ደብተር በጨረፍታ ይታይና አምስት ከአምስት ይሞላል። ምዘናው «ተከታታይ» ሆኖ ቀረ፤ ምዘና መሆኑ ግን ቀረ።

እዚህ ላይ «ድሮ እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮ መምህር ይፈራ ነበር፣ ማርክ ማርክ ነበር፣ ከ60 ተማሪ 5ኛ የወጣ በቀበሌው ይወራለት ነበር። ይህ ትዝታ እውነት አለው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚሳተው ይመስለኛል። የድሮ መምህር ከዛሬው በምግባር ስለሚበልጥ አልነበረም። ርቀት ስለነበረው ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ሕንዳውያን መምህራንን የማያስታውስ የዚያ ትውልድ ሰው የለም። በ1955 የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ አብዛኞቹ የገቡት ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ደሴ ወይም ጎሬ ላይ ለተማሪ 38 ሲሰጡ የልጁን አባት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አያገኙትም፣ በእድር አይጣሩም፣ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም። አማች ወይም የክርስትና ልጅ የላቸውም። ይሉኝታ የሚይዘው ነገ ፊት ለፊት የሚያገናኘው ጉዳይ ያለበትን ሰው ነው። ከእነሱ በላይ ደግሞ የ8ኛው «ሚኒስትሪ» እና የ12ኛው «ማትሪክ» ነበሩ። የጥያቄው ወረቀት ከላይ ይመጣል፣ መልሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ውጤቱ ከላይ ይመለሳል። መምህሩ በክፍል የሚሰጠው ማርክ ከማትሪኩ በጣም ከራቀ የሚያፍረው እሱ ራሱ ነበር።

ትዝታው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ያ ሥርዓት ያገለገለው ጥቂቱን ነው። በዘመኑ መጨረሻ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከአምስት አንዱን አይሞሉም ነበር። የመምህሩ ክብርም ሁልጊዜ በእውቀት የተገኘ አልነበረም፤ አርጩሜው የራሱ ድርሻ ነበረው። በየካቲት 1966 መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ብዙ ወላጅ ከጎናቸው ሆኖ ነበር፤ ዕቅዱ የድሃውን ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ገድቦ ያስቀረዋል የሚል ሥጋት ነበረና። ያን ጊዜ ወላጅና መምህር ልጁ በሩን እንዲገባ አብረው ቆሙ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ውስጥ ያለው ነገር ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ መጣ።

በሩ ሲከፈት ርቀቱ ጠፋ። ይህ የማይቀርና የሚያስደስት ለውጥ ነበር፤ መምህሩ የአካባቢው ልጅ ሆነ፣ የተማሪዎቹን ቋንቋ የሚናገር፣ የወላጆቻቸውን ችግር የሚያውቅ። ነገር ግን ገበያ ላይ ቁናውን የሚሰፍረው የገዢው ዘመድ ሲሆን የሚፈጠረው ነገር እዚህም ተፈጠረ፤ ትንሽ ምርቃት ይጨመራል፣ ቀስ ብሎም ቁናው ራሱ ይሰፋል። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። ፈተናው የራሱ እንከን ነበረበት፣ ብዙ ልጆችን ገና በ16 ዓመታቸው ከመንገድ አስወጥቷል፤ ግን ሲቀር የወሰደው ነገርም ነበረ። ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት አራት ዓመታት የትምህርት ቤቱን ማርክ ከአገር መለኪያ ጋር የሚያስተያይ ነገር ጠፋ። አራት ዓመት ረጅም ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሐሰት ባህል ይሆናል።

ለሐቀኛ ማርክ የሚከፍለው ማን ነው? ይህን መጠየቅ ነገሩን ከስብከት ያወጣዋል። 54 የሰጠው መምህር ከወላጅ ይጋጫል፣ በዳይሬክተር ይጠራል፤ የመምህሩ ምዘና የተማሪዎቹን የማለፍ መጠን በሚያይበት ቦታ ደግሞ በራሱ የሥራ አፈጻጸም ላይ ቅናሽ ይመጣበታል። ትምህርት ቤቱ ብዙ ደጋሚ ካስመዘገበ ወረዳው ይጠይቀዋል፤ ወረዳው ለዞኑ የሚልከው ሪፖርት ይበላሻል። ደጋሚ ማለት ደግሞ የተያዘ ወንበር፣ የተያዘ መጽሐፍ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ተማሪ የሚያጨናንቅ አካል ነው። 86 የሰጠውን መምህር ግን ማንም አይነካውም። የሐቀኝነት ሙሉ ዋጋ በአንድ ደመወዝተኛ ላይ ወድቆ፣ ጥቅሙ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ለማይታወቅ ሰው የሚደርስበት ሥርዓት ውስጥ «መምህራን ለምን ሐቀኛ አልሆኑም?» ብሎ መገረም የዋህነት ነው።

በግል ትምህርት ቤት ነገሩ የበለጠ ይሰላል። ወላጅ ከፋይ ነው፣ ካልተደሰተ ልጁን ይወስዳል፤ በሚቀጥለው መስከረም የሚከፈተው ሌላ ትምህርት ቤት «እኛ ጋ ልጅዎ 95 ነው የሚያመጣው» ባይልም እንደዚያው እንዲታሰብ ያደርጋል። የክፍያ ጭማሪ ላይ ወላጆችና ባለቤቶች በየዓመቱ ሲጨቃጨቁ እንሰማለን። ስለ ማርክ መናር ግን ስብሰባ የጠራ ወላጅ አላየሁም፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ቢጠራም ማን ይመጣ ነበር?

ወላጁን ግን ምን ነካው? ከውጭ ሲታይ ግራ የሚገባ ነገር አለው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነው፤ የ9ኛው ወይም የ10ኛው ፊዚክስ ማርክ ምድባውን አይለውጠውም። ለማይቆጠር ቁጥር ይህን ያህል መጋደል ለምን? ትንሽ ቀረብ ብሎ ላየው ምክንያቱ አንድ አይደለም። ካርድ በቤት ውስጥ የክብር ጉዳይ ነው፤ ለአክስት ይታያል፣ ለጎረቤት ይወራል፣ «ከክፍሏ ሦስተኛ» የሚለው ቃል ለዓመት ያገለግላል። ልጅ ክፍል ቢደግም ተጨማሪ ዓመት የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የዩኒፎርም ወጪ ነው። ከዚያ ትራንስክሪፕት አለ። ውጭ ለመማር የሚያመለክት፣ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ውጭ የሚሄድ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ማርክ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ያለው የመዝጋቢ ቢሮ 86ቱን 86 ብሎ ነው የሚያነበው። ዘመድ ውጭ ያለው ወላጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለእሱ ማርኩ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው ግን ሌላ አገር ነው።

ለወላጅ ሌላም ጥብቅና መቆም አለብኝ፤ ክርክሩ ሁሉ «ልጄን አቀማጥሉልኝ» የሚል አይደለም። የታረመ ወረቀት መልሶ የማያሳይ መምህር አለ። ሮስተሩን ከማስረከቡ በፊት ባለው ምሽት ማርክ «የሚያመርት» አለ። በክፍል ያላስተማረውን በቱቶሪያል የሚሸጥ፣ ቱቶሪያል ለማይመጣም ልጅ ፊቱን የሚያጠቁር አለ። ሴት ተማሪዎች ላይ ማርክን እንደ ማስፈራሪያ የተጠቀሙ መምህራን መኖራቸውን በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሥርዓተ ፆታ ክበባት ያውቁታል። እንዲህ ላለው መምህር ወላጅ በር ላይ መቆሙ ጠብ አይባልም፤ ጥበቃ ነው። ሐቀኛ ማርክ የሚሰጥ መምህርን ከነዚህኞቹ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን አውጥቶ ማሳየት ይችላል። ያቺ እናት «ሚድ ከ20 ሰባት» ሲላት ወረቀቱን አውጥቶ ቢያስነብባት ኖሮ ክርክሩ ምናልባት ወደ ልጅቷ ይዞር ነበር።

ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ መምህሩ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚረከበው ልጅ ከታች ምን ይዞ እንደመጣ እናውቃለን። በ2002 በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦው ያህል አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ነው 9ኛ ክፍል የገቡት፤ ያውም በእንግሊዝኛ ፊዚክስ ለመማር። እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ድንገት «አክስለሬሽን»ን በእንግሊዝኛ ሲያነብ የሚወድቀው በፊዚክስ ይሁን በቋንቋ ማንም አይለየውም። መምህሩ በሐቅ ካረመ 60ውንም ይጥላል። 60 ተማሪ የጣለ መምህር ደግሞ «አላስተማረም» ነው የሚባለው። ስለዚህ እውነተኛው ማርክ ጥፋተኛውን አይቀጣም፤ መጨረሻ የተገኘውን ነው የሚቀጣው። ይህን የሚያውቅ መምህር ማርክ ሲያድል ሁልጊዜ ከስንፍና ወይም ከፍርሃት አይደለም። «ይህ ልጅ ምን አጠፋ?» ብሎም ነው።

በ2014ቱ ብሔራዊ ፈተና የተደረገው ነገር ርቀቱን በጉልበት መመለስ ነው። ፈተናው ከትምህርት ቤቶቹ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ተማሪው ከሰፈሩ ወጥቶ፣ ስልኩን ትቶ፣ በማያውቀው ፈታኝ ፊት ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ብሔራዊ ፈተናው ራሱ ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ ሁሉም እስከመሰረዝ ደርሷል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ኩረጃው የተደራጀ ሥራ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ይኸው የ2014 ፈተና ዘግይቶ በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው መውጣታቸው አያስደንቅም፤ ለዓመታት ሲባሉ የኖሩት ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያገኙት ሌላ ነበር። ልጆቹ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ካርዳቸውን አስቀድሞ ያውጣና ያንብብ። አንድም አዋቂ «አታውቅም» ብሎ የነገራቸው አልነበረም።

ሐምሌ 2015 ላይ በስፋት መሰጠት የጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ደግሞ ነገሩ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንደማያበቃ አሳየ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ናቸው። የወደቁት ሁሉ የመመረቂያ ነጥብ የነበራቸው፣ ትራንስክሪፕታቸው የተሟላ፣ ጋዋን ለመልበስ የተዘጋጁ ነበሩ። ተማሪው የከፈለበት ቁጥርና የሚያውቀው ነገር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሆነው ነበር።

ታዲያ የማዕከል ፈተና ማጥበቅ ብቻውን በሽታውን ያድናል ወይ? እኔ አይመስለኝም። የማዕከል ፈተና የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው፣ ነገሩ ሊስተካከል የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ። ከ50 በታች ላመጡት የተጀመረው የሪሚዲያል ትምህርት ይህን የሚያምን ሥርዓት ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያልተገነባውን በጥቂት ወራት እንገንባ ይላል። የመሐሉ ሰው፣ ማለትም በየክፍሉ ማርክ የሚሞላው መምህር፣ አሁንም ያው ሮስተር፣ ያው 300 ተማሪ፣ ያው ምክትል ዳይሬክተር አለው። 3.3 በመቶ ከተነገረ በኋላ በመጣው ሴሚስተር የክፍል ማርክ ወረደ ብሎ የተናገረ መምህር አላገኘሁም። ሞዴል ፈተና ላይ ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣ እንኳን «ሆን ተብሎ ነው የከበደው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህን የሚለውጥ ነገር ካለ ውድ መሆን የለበትም። ሪፖርት ካርድ ላይ በአንድ ትምህርት አንድ ቁጥር ከሚጻፍ ሁለት ይጻፍ፤ በጽሑፍ ፈተና ያገኘው ለብቻ፣ በግሩፕ፣ በአሳይመንትና በደብተር የተሞላለት ለብቻ። የታረመ ወረቀት ቤት ይግባ፣ ወላጅ ይፈርምበት። የመምህሩ ምዘና ከማለፍ መጠን ይላቀቅ፤ በምትኩ የክፍል ማርኩ ከውጭ ፈተና ምን ያህል እንደሚርቅ ይታይ። በየክፍለ ከተማው ወይም በየወረዳው ቢያንስ 10ኛ ክፍል ላይ አንድ የጋራ ፈተና ይኑር፤ የሚያሳልፍ ወይም የሚያስቀር ሳይሆን የት እንዳለን የሚነግር። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ግድግዳና ሽንት ቤት ለማሠራት ገንዘብ ከማሰባሰብ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱን የክፍል ማርክና የብሔራዊ ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ የመጠየቅ ሥራ ይሰጠው።

ይህ ቢደረግ መጀመሪያ የሚመጣው ሰላም አይደለም። ጠብ ይበዛል። 86 የነበረው ካርድ ላይ ከ70 ሃያ ስምንት ሲጻፍ በሩ ላይ የሚቆመው ሰልፍ ይረዝማል፣ ዳይሬክተሮች ስልካቸውን ያጠፋሉ፣ አንዳንድ ወላጅም ልጁን አውጥቶ ቁጥሩ ከሚያምርበት ይወስዳል። በተለይ የግል ትምህርት ቤቶች ብቻቸውን ሐቀኛ መሆን አይችሉም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ካልጀመረ የጀመረው ይከስራል። ስለዚህ ነው ነገሩ ከበጎ ፈቃድ ይልቅ መመሪያ የሚፈልገው።

በ2018 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጠው በ2021 ነው። እስከዚያ ድረስ በአገር ደረጃ የሚለካው የለም፤ ያለው የመምህሩ ማርክና የወላጁ ፊርማ ነው።